መርፌው ይቆይ

ጎፋ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 9

ለምወድህ ለማሙሽዬ፣

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ዝናቡ ጠንከር ሲል እሱም ይነሳብኛል። ትናንት «እትዬ፣ ሁለት ግልገል ሞተብኝ፣ የትኛውን መርፌ ልግዛ?» ስትለኝ መስመሩ እየተቆራረጠ ከመለስኩልህ ግማሹም አልደረሰህም። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ወረቀት ከሆነ ጋጣው ምሰሶ ላይ ትሰካዋለህ፤ ሌሊት ሲጨንቅህ አውርደህ ታነበዋለህ።

መርፌውን ለጊዜው አትግዛ። የነገርከኝን ደጋግሜ ሳስበው የመጀመሪያውን ግልገል ምንም መርፌ አያድነውም ነበር። ሁለተኛውን ሊያድነው ይችል የነበረውም ገና ማንከስ እንደጀመረ ቢወጋ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሌሊት በዝናብ ተወለደ፤ ጠዋት ተኮማትሮ አገኘኸው፤ ቀትር ሳይሆን ሞተ። ጎረቤቶችህ «ምች መታው» አሉህ። ምች አይደለም፣ ብርድና ረሃብ ነው። እናቱ የመጀመሪያዋ ናት አልከኝ። እንዲህ ያለችው በግ አንዳንዴ ልጇን አትልሰውም፣ ሲጠጋትም ትሸሻለች። ልሳውም ቢሆን የጡቷ ጫፍ በደረቀ ፈሳሽ ተደፍኖ ግልገሉ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሲጠባ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ በግ በወለደች ቁጥር ከምንም በፊት ሁለቱንም ጡቶቿን ጠበቅ አድርገህ አንድ አንድ ጊዜ እለባቸው፤ ድፍኑ ይወጣል፣ እንገሩ መውረዱንም በዓይንህ ታያለህ።

እንገርን እንደ ተራ ወተት እንዳታየው። ሰው በማህፀን ሳለ ከእናቱ ደም የበሽታ መከላከያ ያገኛል፤ ግልገል ግን ባዶውን ነው የሚወለደው። መከላከያው ሁሉ ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። የግልገሉ አንጀት ደግሞ ያንን መከላከያ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ለአጭር ጊዜ ነው፦ በተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ ብዙውን ያሳልፋል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ሲሞላው ይዘጋል። ነገ ጠዋት ባጠባው ያው ነው ብለህ ብታስብ ሆዱ ይሞላል እንጂ የበሽታ መከላከያ አያገኝም። የመንዝ ግልገል ሲወለድ ሁለት፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢመዝን ነው። በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ብለህ ስታሰላው በአንድ ጊዜ 100 ወይም 125 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ማለት ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ያግኝ። ራሱ እየጠባ ከሆነ መለካት አያስፈልግህም፣ ሆዱን ዳበስ አድርገው፣ ሞላ ብሎ ከሆነ ተወው። እናቱ ከሌላት በዚያው ሰሞን ከወለደች ሌላ በግ እለብለት፤ እሷም ከጠፋች ጎረቤት ላም የወለደችለት ሰው ዘንድ ሄደህ እንገር ለምን። ልጆቹ ለመብላት እየተሻሙበት እንደምታገኘው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ብርጭቆ አይነፍጉህም።

ቀዝቅዞ ስታገኘው ጣትህን አፉ ውስጥ አስገባ። አፉ ከቀዘቀዘ አደጋ ላይ ነው። የምልክልህን ቴርሞሜትር ቅባት ቢጤ ቀብተህ በፊንጢጣው አስገባና ለካው። ጤነኛ ግልገል ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 ወደ 39 ከሆነ አድርቀው፣ እንገር ወይም ወተት ስጠው፣ ከነፋስ ከልለው። ከ37 በታች ከወረደ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅልኝ። አንደኛ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ካልቻለ በአፉ ምንም አታንቆርቁርበት፤ መዋጥ ስለማይችል ወተቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከተወለደ ከአምስት ሰዓት በላይ ከሆነው እሳት ዳር ከማስጠጋትህ በፊት ባለሙያ ጥራ። በሰውነቱ የነበረው ስኳር አልቋል፤ እንዲሁ ብታሞቀው ሲንፈራገጥ እጅህ ላይ ይሞታል። ለዚህ በሆዱ በኩል የሚሰጥ ግሉኮስ አለ፣ አወጋጉን ግን ከወረቀት አትማረውም። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሚቀጥለው ሲመጣ ቆመህ እጁን እይ።

የኔ ልጅ፣ ዘመድ አዝማዱ «ባንክ ቤት ሥራ ለቆ እረኛ ሆነ» እያለ ቡና ላይ ሲያወራብህ እሰማለሁ። ጎፋ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተነስቷል። እኔ ግን በአያትህ መሬት ላይ መቆምህን የምወድበት ምክንያት አለኝ። መሐል ሜዳ አካባቢ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ መድኃኒት የሞላ ቦርሳ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬአለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ግልገል የሚተርፈው ጋጣው በር ላይ ጠዋትና ማታ ቆሞ የሚያይ ሰው ባለበት ቤት ነው። አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ቆሞ ማየት ታውቅበታለህ፤ ጎፋ ገብርኤል ግቢ ጉንዳን ስታይ ቅዳሴ ያልቅብህ አልነበር?

ወደ ሁለተኛው ልመለስ። ጉልበቱ አብጦ ያነክስ የነበረው፣ «ድንጋይ መታው» ብለህ የተውከው። ድንጋይ የመታው አንድ እግሩን ነው የሚያነክሰው፣ ይሻለዋልም። የአንተው መጀመሪያ አንዱ ጉልበቱ፣ ከዚያ ሌላው አበጠ፤ ሲነካ ይሞቃል፤ በመጨረሻም መነሳት አቃተው። ይህ በሽታ የገባው በእትብቱ ነው። እርጥብ እትብት እበትና ሽንት ላይ ሲጎተት ተህዋሲያኑ በደሙ ገብተው መገጣጠሚያው ላይ ይሰፍራሉ፤ ምልክቱ የሚታየው ግን ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማንከስ እንደጀመረ ፔኒሲሊን ቢጀመርለትና ቢያንስ አምስት ቀን ሳይቋረጥ ቢወጋ ይድናል። መገጣጠሚያው መግል ከቋጠረ በኋላ ግን ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው። መከላከያው ርካሽ ነው፦ እንደተወለደ እትብቱን አዮዲን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ንከረው፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድገመው። ማርከፍከፍ አይበቃም፣ ይነከር። አመድ ወይም ቅቤ አትቀባ፤ ሴቶቹ እንደሚሉህ አውቃለሁ፣ በፈገግታ እለፋቸው።

አሁን ስለሚያስቀምጠው ሌላ ግልገል፣ የአሥር ቀን ልጅ ነው ስላልከኝ። የትል መድኃኒት እንደሰጠኸው ስትነግረኝ ምላሴን ነከስኩ። የሆድ ትል ሳር ላይ ነው የሚጠብቀው፤ ግልገሉ ግጦ ከዋጠው በኋላም ሆዱ ውስጥ ለመጎልመስ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሳር በወጉ ያልቀመሰ ግልገል ካስቀመጠው ምክንያቱ ሌላ ነው። ዕድሜው ራሱ ብዙ ይነግርሃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አፉ እየተዝረበረበ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አልጠባም ካለ ከቆሻሻ ጋጣ የመጣ የአንጀት ባክቴሪያ ነው፤ እንገር ያልጠገቡት ናቸው በብዛት የሚያዙት። በሳምንት በአሥር ቀን ቢጫና ቀጭን ከሆነ ያው የጋጣው ንጽህና ነው፣ ወይም ወተት አብዝቶ ጠብቷል። ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጠቆር ያለ፣ ደም የቀላቀለ፣ እያማጠ የሚያወጣው ከሆነ ኮክሲዲያ ነው፤ እሱ ሰልፋ ወይም አምፕሮሊየም ይፈልጋል እንጂ በአልቤንዳዞል አይነካም። ግጦሽ ከጀመረ በኋላ፣ ሁለት ወር ካለፈው፣ ያኔ ትልን ጠርጥር። የታችኛውን የዓይን ቆቡን ገልብጠህ እይ፤ ነጭ ከሆነ፣ ከመንጋጋው ሥር ደግሞ ለስላሳ እብጠት ካለ፣ የሆድ ትል ወይም የጉበት ትል ደሙን ጨርሶታል። ያንን ከቤትህ በታች ያለውን ረግረግ ከክረምት በኋላ አታስግጥበት የምልህም ለዚህ ነው።

የትል መድኃኒትን ካነሳሁ፣ አልቤንዳዞልን በአውራ ከተጠቃች አንድ ወር ላልሞላት እናት በግ አትስጥ፤ ጽንሱን ይጎዳል።

ለሚያስቀምጠው ልጅ ዛሬ የምታደርገው ይህ ነው። ቆዳውን አንገቱ ላይ ቆንጥጠህ ልቀቀው፤ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ዓይኑም ጎድጎድ ካለ፣ ውኃ አልቆበታል። ከመድኃኒት ቤት ለሕፃናት የሚሸጠውን ኦ.አር.ኤስ. እሽጉ ላይ እንደተጻፈው በጥብጥና በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ሒሳብ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስጠው። ከእናቱ አትለየው፣ ወተቱንም አትከልክለው፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጥባ። ትኩሳት ከሌለውና የሚነሳ ከሆነ ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይድናሉ። ትኩሳት ካለው ወይም ደም ከታየ ወደ ባለሙያ። ከዚያ ጋጣውን ጥረግ፣ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዝ። ግልገልና እናት የሚያርፉበትን ጥግ ከትልልቆቹ ለየው።

ሳል ሌላ ነገር ነው። በመንዝ ብርድ ግልገል የሚጨርሰው ዋናው እሱ ይመስለኛል። መጀመሪያ ምልክቱ ሳል እንኳ አይደለም፤ ከመንጋው ኋላ መቅረት ነው። ጆሮው ይወድቃል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። ትኩሳቱ ከ40 ተኩል በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 42 ይደርሳል። ይህን ካየህ በዚያው ቀን ባለሙያው ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ የሚስማማ መድኃኒት ይጀምርለት፤ እዚህ ላይ መርፌ ቦታ አለው፣ መዘግየት ነው የሚገድለው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚያመርተው የዚህ የሳንባ በሽታ ክትባት አለ። አስከትብ፣ ግን ሁሉንም ዓይነት የሳንባ ተህዋሲ ስለማይሸፍን ጋጣህን እንዳትረሳ። ብርዱን ፈርተህ በሩን ጥርቅም አድርገህ ትዘጋለህ፤ ጠዋት ስትከፍተው ዓይንህን የሚለበልበው የሽንት ትነት የግልገሉን ሳንባ ሌሊቱን ሲለበልብ አድሯል። ነፋሱ በጎቹ ጀርባ ላይ እንዳይመታ ዝቅ ያለውን ዝጋ፣ ጣሪያው ሥር ያለውን ክፈት።

እዚህ ቄራ በግ ተራ ስሄድ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ይህን በሽታ በየአምስት እርምጃው አየዋለሁ። ከየአገሩ ጭነት መኪና ላይ ተፋፍጎ፣ ውኃ ሳይቀምስ የመጣ በግ በሁለተኛ በሦስተኛው ቀን አፍንጫው ይፈሳል። ገዢው ላቱንና ወገቡን ይጨብጣል፤ እኔ አፍንጫውንና ኋላውን አያለሁ። ሰው ይስቅብኛል። የጎፋ ጎረቤቶቼ ግን በግ ሲገዙ ይዘውኝ መሄድ ጀምረዋል። ላንተ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከገበያ የገዛኸውን በግ ከመንጋህ ጋር አትቀላቅል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆይ።

ገበያ ስል ደስታ መሰል የሚባለውን በሽታ መዝለል አልችልም። ትኩሳት፣ ዓይንና አፍንጫ ላይ የሚደርቅ ፈሳሽ፣ የሚሸት የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ፣ ከዚያ ሳል፤ እነዚህን ባንድ ላይ ብዙ በጎች ላይ ካየህ በዚያው ሰዓት ለቀበሌ ንገር። ቫይረስ ነው፣ የሚገድለው መድኃኒት የለም፤ ሰውን ግን አይዝም። በብዛት የሚጎዳው የአራት፣ የአምስት፣ የስድስት ወር ጠቦቶችን ነው፣ ምክንያቱም ያ የእንገር መከላከያ የሚያልቀው በዚያ ዕድሜ ነው። ክትባቱን ከአራት ወራቸው በኋላ ያግኙ፤ አንዴ የተከተበ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠበቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ በምርመራ የተረጋገጠው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓለም ደግሞ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ላጥፋው ብሎ ተነስቷል። አያቴ ስለ ክፉ ቀን ስትተርክ «ደስታ ከብቱን ጨረሰው» ትል ነበር፤ በ1880ዎቹ የሆነ ነው፣ በሬ ጠፍቶ መሬቱ ጦም አደረ። ያ የከብት ደስታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፣ ዋናው መሣሪያም ክትባት ነበር። ስለዚህ ከታቢዎቹ ሲመጡ በጎችህን ይዘህ ቀድመህ ተሰለፍ፤ «ከተከተቡ ይጨነግፋሉ» የሚሉህን አትስማ።

ፈንጣጣውም ክትባት አለው። ፀጉር የሌለበት ቦታ፣ ላታቸው ሥር፣ ብብታቸው፣ ፊታቸው ላይ እብጠት ዳስስ። ከንፈራቸው ላይ ብቻ ቅርፊት ያለው ቁስል ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ በሦስት አራት ሳምንት ራሱ ይድናል፤ ቅርፊቱን አትንቀል፣ ጓንት ሳታደርግም አትንካው፣ ወደ ሰው እጅ ይጋባል። ቁስሉ ከእናትየዋ ጡት ላይ ከደረሰ አላጠባም ትላለችና እየያዝክ አጥባው።

አሁን ስለ ውሻህ። እንደምትወደው አውቃለሁ፣ ግን የመንዝ አዙሪት የሚመጣው ከሱ ነው። ጠቦት ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ሲሆነው ራሱን አዘንብሎ በአንድ ጎን ይዞራል፣ ግድግዳ ላይ ይገፋል፣ እረኛው ሲጠራው አይሰማም። «ዛር ነው» የሚልም አጋጥሞኛል። አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ የውሻ ኮሶ እጭ ነው። ውሻው የታረደ በግ ጭንቅላት ሲበላ ኮሶው አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉን ግጦሽ ላይ ይጥላል፣ ግልገሉ ይግጠዋል። መዞር ከጀመረ በኋላ መድኃኒት ብዙ አያመጣም፤ ቶሎ እረደው፣ ሥጋው ይበላል፣ ጭንቅላቱ ግን ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር። ውሻውን ቢያንስ በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል ስጠው። ብቻህን ብታደርገው ደግሞ ዋጋ የለውም፣ የጎረቤቱ ውሻ ያንተው ግጦሽ ላይ ነው የሚውለው። በዕድር ስብሰባ ላይ ተነስተህ ተናገር፤ በግ አራጁ ሁሉ ጭንቅላቱን ቢቀብር የአካባቢው አዙሪት ይቀንሳል። እዚህ ጎፋም የበዓል ማግስት ቆሻሻ ገንዳው ዙሪያ ውሾች ጭንቅላት ሲጎትቱ እያየሁ ስበሳጭ ነው የምውለው።

መድኃኒት የምትገዛበትን ቦታ ምረጥ። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ አትግዛ። የሰው ካፕሱል ፈትተህ በውኃ አታጠጣ፤ ይህን በየቤቱ አይቻለሁ። መጠኑ በክብደት ነው፣ ግልገሉን በጆንያ አድርገህ ሚዛን ላይ ስቀለው። የተጀመረ መድኃኒት ሻል ሲለው አይቋረጥም፤ ካቋረጥከው ለሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ መድኃኒት የሚንቅ በሽታ እያሳደግክ ነው። የታከመ በግ ሥጋ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አይታረድም።

ስለ አዋሲ ድቅል ጠይቀኸኝ ነበር። ትልቅ ይሆናል፣ እውነት ነው፤ አፉም እንደ ቁመናው ነው፣ መኖ ይፈልጋል። የሀገርህን በግ አትናቀው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝንና የሆሮን በግ ጎን ለጎን አርብቶ ሲያይ ከሆሮዎቹ ይልቅ የተረፉት የመንዝ ግልገሎች ነበሩ። ለዚያ ብርድ የተፈጠሩ ናቸው። ገንዘብ ካለህ ለእርጉዞቹ መኖ አውለው። በግ አምስት ወር ግድም ታረግዛለች፤ ጽንሱ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻው ወር ተኩል ነው። በዚያ ጊዜ ትንሽ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ትሪ ሉሰርን ካለህም ቅጠሉን ብታገኝ ከበድ ያለ ግልገልና የሞላ ጡት ይኖራታል። ከዚህ ካልኩህ ሁሉ ለአንዱ ብቻ አቅም ቢኖርህ ይህንን አድርግ እልሃለሁ።

ቅዳሜ ከላምበረት መናኸሪያ በሚነሳው አውቶቡስ ዕቃ እልክልሃለሁ፦ ቴርሞሜትር ሁለት (አንዱን ትሰብረዋለህ)፣ አዮዲን፣ የሕፃን ጡጦ፣ ጓንት፣ ኦ.አር.ኤስ.፣ ላንተም ሹራብ። ደብረ ብርሃን ስትወርድ ተቀበል።

ከዚህ በኋላ ስትደውልልኝ ሦስት ነገር ይዘህ ደውል፦ ዕድሜው ስንት ቀን እንደሆነ፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ የእናቱ ጡት ሞልቶ ይሁን ባዶ ሆኖ። ጡቷ ሞልቶ ከሆነ ልጁ ታሟል፣ አልጠባም፤ ባዶ ከሆነ የሚያስፈልገው እናትየዋን መመገብ ነው። የቀሩት እርጉዞች መቼ እንደሚወልዱም ገምተህ ጻፍልኝ፣ የእኔ ጉልበት ከፈቀደ ለነሱ እመጣለሁ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ መስመሩ ይሻላል።

የምትወድህ አክስትህ